ልጄን ስምንት ዓመት ያስረጀኋት እኔ ነኝ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ አስቀድሜ አንድ በአንድ ልጥራቸው። መጀመሪያ እኔ፣ ታደገ። ደባርቅ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን፣ እንግሊዝኛውንም ሕጉንም፣ ሰው ከጣለው መጽሐፍና ከአሮጌ ጋዜጣ ለቅሜ ነው የተማርሁት። ሁለተኛ ልጄ ፈንታነሽ፤ የሴቶች እግር ኳስ አማካይ ተጫዋች ናት። ሦስተኛ እናቷ ጥሩወርቅ፤ እሷ ደባርቅ ቀርታለች። አራተኛ አሰልጣኝ በላይነህ፣ የስፖርት መምህሩ፤ ልጄን ከኳስ ጋር ያገናኛት እሱ ነው፣ እኔም ለብዙ ጊዜ በክፉ ዓይን አይቼዋለሁ። አምስተኛ መምሬ አድማሱ፤ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ልጄን ያጠመቁ ቄስ። ስድስተኛ ሚስተር ጁማ፤ እዚህ ዳሬሰላም የክለቡ ሥራ አስኪያጅ። ሰባተኛ ማማ ሳልማ፤ ቤት ያከራየችን ሴት። የቀሩት አልፎ ሂያጆች ናቸው።

የወጣነው በጥቅምት ማለዳ ነው። የደባርቅን የጥቅምት ማለዳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ውርጩ ገብሱ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፣ ሰው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ጥሩወርቅ ሁለት ማዳበሪያ አሸክማ መናኸሪያ ድረስ መጣች፤ አንዱ ድርቆሽ ነው፣ አንዱ በሶና በርበሬ። ጎረቤት ሁሉ ሊሸኝ መጥቶ የሚያየው ግን እኔን ነበር። ልጅ ሲሄድ አይተዋል። አምሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ልጁን ተከትሎ ወደ ኳስ አገር ሲሄድ ግን አላዩም። አንዱ፣ «ጋሽ ታደገ፣ እርስዎን ደግሞ በየት በኩል ነው የሚያሰልፉዎት?» አለኝና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የሄድሁበትን ምክንያት ልናገር። ሴት ልጅ ለብቻዋ ሰው አገር አትላክም ብዬ ነው። ክለቡ የሦስት ዓመት ውል አዘጋጅቶ ሲጠራት፣ ወይ አብሬ እሄዳለሁ ወይ አትሄድም አልሁ። ለእሷ አስቤ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ሰው ምን ይለኛል ነው። ጥሩወርቅ ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጠጋ ብላ፣ «እሷን መልሰህ አምጣልኝ፤ አንተስ መንገዱን ታውቀዋለህ» ብቻ አለችኝ። ዳባትን፣ ወቅንን፣ አምባ ጊዮርጊስን እስክናልፍ ድረስ ፈንታነሽ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ነበር። እኔ የፊቱን ነበር የማየው። ወደ ኋላ ማየት የደካማ ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ቢሆን አያለሁ።

ስለ ኳሱ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ አልወደድሁላትም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ቁምጣ ለብሳ ከወንዶች ጋር ትሮጣለች ሲሉኝ ቀበቶዬን ፈትቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። ይህን የምጽፈው ልመካበት አይደለም። ስደርስ ጨዋታ ላይ ነበሩ፤ ሰው ፊት አልመታትም፣ ይለቅ ብዬ ዳር ቆምሁ። ያ ሜዳ ተዳፋት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሊማሊሞ በኩል ነፋስ ሲነሣ፣ ወደ ላይ የተመታች ኳስ ሁሉ ወደ ገደሉ ትሄዳለች፤ የመታው ልጅ ወርዶ ያመጣታል፣ ጨዋታው ይቆማል። ልጆቹ ያንን እያወቁ ከፍ አድርገው ይመታሉ። የእኔ ልጅ ብቻ ኳሷን ከመሬት አታነሣትም። ከዚህች ትቀበላለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ አጠር አድርጋ ለዚያች ትሰጣለች። አሁንም ትቀበላለች፣ ታያለች፣ ትሰጣለች። ቆሜ ሳይ የራሴን ሥራ አየሁ። ጥላዬ ሥር የተናደደ ሰው መጥቶ የሆዱን በአንድ ጊዜ ያፈስሰዋል፤ እኔ ተቀብዬ፣ ፊትና ኋላውን ለይቼ፣ ዳኛው በሚገባው መልክ አቀብለዋለሁ። ልጄ ይህንኑ በእግሯ ታደርገዋለች። ቀበቶዬን መልሼ ታጥቄ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእሷም ጭምር። ዛሬ የምቆጭበት አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ የዞኑ ቡድን ወሰዳት፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ የሴቶች ሊግ ገባች። በመካከሉ ከበላይነህ ጋር ተጣላሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ውድድር ነበረና ፈንታነሽን ዕድሜዋ በሦስት ወር አለፋት። በላይነህ በቅጹ ላይ አንድ ዓመት ቀንሶ ጻፈላት። «ጋሼ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። እኔ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ አሰረዝሁት። ቡድኑ ሄደ፣ ልጄ ቀረች፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ግን በዚያ ሳምንት በከተማው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድሁት። ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ልጃችሁ እያለቀሰች እናንተ የምትኮሩበት ቀን ከመጣ፣ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ።

የፓስፖርቱ ጊዜ መጣ። የልደት ምስክር ወረቀቷ በአማርኛ ነው፤ ጥር ወር፣ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ይላል። ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነበረበት፤ ራሴ ተረጎምሁት። በላይነህ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ዓመቱን ሁለት ሺህ ሁለት ብለው ይጻፉት፤ እንዳይረሱ» አለኝ። በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ያን ዕድሜ ቀናሹን ሰው ነው። ያኔ አንድ ዓመት ቀነሰ፣ አሁን ደግሞ ስምንት ዓመት ሊቀንስ ነው አልሁ በልቤ።

የፈረንጅ ዘመን ከእኛ እንደሚለይ አላውቅም ነበር ብል ዋሸሁ። ደባርቅ ተራራ ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ሆቴሎቹ ሁለቱንም ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። አውቃለሁ። ነገር ግን እንዲህ ብዬ አሰብሁ፦ ልጄ የተወለደችው በዘጠና አራት ነው፣ መምሬ አድማሱም በመዝገባቸው የጻፉት ያንኑ ነው፤ የእኔ ሥራ እውነቱን መጻፍ ነው፣ መመንዘሩ የሚያነበው ሰው ሥራ ነው። 1994 ብዬ ጻፍሁ። ማኅተም የሚመታው ሰው፣ «ጋሽ ታደገ የጻፉትን ምን አነበዋለሁ» ብሎ ሳያየው መታልኝ። የፓስፖርቱን ቅጽ የምትሞላው ሠራተኛ ብቻ ቀና ብላ፣ «አባት፣ ይሄ በእኛ ነው በፈረንጅ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«እውነተኛው ነው» አልኋት።

ጻፈችው። ፓስፖርቱ ሲመጣ ፈንታነሽ ገልጣ አየችና፣ «አባባ፣ በዚህ እኮ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው» አለች። ሃያ ዓመቷ ነበር። ልብ አድርጌ ባሳርመው ኖሮ አንድ ወር ይፈጅ ነበር፤ ውሉ የሚፈረምበት ቀን ግን ደርሷል። «የሚያይሽ ሰው ዓይን የለውም? ወረቀት ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋት። እኔ፣ ወረቀት ምን እንደሚሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁ ሰው፣ ወረቀት ነው አልኋት።

ዳሬሰላም ስንደርስ የአውሮፕላኑ በር ተከፍቶ የገባው አየር የሰው ትንፋሽ መሰለኝ። ጋቢዬን ክንዴ ላይ አድርጌ ወረድሁ። ጉምሩክ ያለው ሰው የበርበሬውን ማዳበሪያ አስፈትቶ ይህ ምንድን ነው አለኝ። ምግብ ነው አልሁት። አላመነኝም፤ ጣቱን ነክሮ ቀመሰው። እንባው እስኪወርድ ከሳለ በኋላ፣ «በየስንት ጊዜው ነው የምትበሉት?» አለኝ። በየቀኑ አልሁት። ሌላውን ሳይፈትሽ ማኅተሙን መታልኝና «ፖሌ» አለኝ። ፖሌ በእነሱ ቋንቋ አይዞህ እንደ ማለት ነው። ሰው ሲሞትብህም ፖሌ ነው፣ እንቅፋት ሲመታህም ፖሌ ነው፣ ዝናብ ሲያበሰብስህም ፖሌ ነው። እስካሁን በዚህ አገር ከማንኛውም ቃል ይበልጥ የተነገረኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ ሚስተር ጁማ ቢሮው አስገባን። ሰውየው ወፍራም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ፓስፖርቱን ገለጠ፣ ልጄን አየ፣ መልሶ ፓስፖርቱን አየ።

«ምዜ» አለኝ። ምዜ ሽማግሌ ማለት ነው፤ በአክብሮት ነው የሚሉት። «እኔ ያስመጣሁት የሃያ ዓመት ልጅ ነው።»

ዘመን አቆጣጠራችንን አስረዳሁት። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን፣ ዓመታችን በመስከረም እንደሚገባ፣ ከእነሱ በሰባትና በስምንት ዓመት እንደምናንስ ነገርሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። «ስለዚህ እናንተ አገር አሁን ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለ። ሁለት ሺህ አሥራ አምስት አልሁት።

«እንግዲያው እባክህ ወደዚያ ውሰደኝ» አለኝ። «በዚያ ዓመት ሚስቴን ገና አላገባኋትም።»

ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ፈንታነሽም ሳቀች፤ ዳሬሰላም ከገባን የመጀመሪያ ሳቋ ነበረ። ከዚያ ሰውየው ሳቁን ዋጠና፣ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸው ሃያ የሚል ፓስፖርት ይዘው የመጡ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ፣ ሃያ ስምንት የሚል ይዛ ሃያ ነኝ የምትል ግን የመጀመሪያዋ ልጅህ ናት፤ ምናልባት እውነትህን ይሆናል፣ እኔ የማስመዘግበው ግን ወረቀቱን ነው አለኝ። የሦስት ዓመቱ ውል ተቀዶ የአንድ ዓመት ተጻፈ። ለሃያ ስምንት ዓመት አማካይ ከዚያ በላይ ማንም አይፈርምም።

ልጄ ክለቡ ባዘጋጀው ማደሪያ ገባች፤ እኔ ማማ ሳልማ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ሥራም የልምምዱ ሜዳ በር ጥበቃ ሆኜ አገኘሁ። ማማ ሳልማ ደግ ሴት ናት፣ ግን ጠያቂ ናት። ሚስትህ የት ናት፣ ለምን አልመጣችም፣ ኳስ የምትጫወተው ልጅህ ለምን አላገባችም ትለኛለች። ኡጋሊ የሚሉትን ምግባቸውን አቀረበችልኝ፤ ነጭ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ግን መካከሉ አልተጎደጎደም፣ ቅቤም በርበሬም የለበትም፤ ገንፎው ተሠርቶ እንግዳው ሳይመጣ የቀረ ይመስላል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተቷን ስመልስባት ጊዜ፣ «ምዜ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ይህ ሕመም ምን ይባላል?» አለችኝ። ጾም ነው ስላት ተገረመች፤ የእሷ ጾም ሲገባ ደግሞ እኔ አብሬ ስጠብቅላት፣ ከዚያ ወዲህ ተግባባን። ነገር ግን ሰው ከሰው መግባባቱ ሌላ ነው፣ ሰው ያለው መሆን ሌላ ነው። ማታ ፀሐይዋ በአንድ ጊዜ ትጠልቅና ይጨልማል፤ እንደ እኛ አገር ተራራው ላይ ቀይ ብርሃን ትታ አትሄድም። ተራራም የለም። ዓይኔ የሚያርፍበት ከፍ ያለ ነገር አጥቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደመናውን ተራራ አስመስዬ ነበር የማየው።

ከበሩ ሆኜ ልምምዷን አያለሁ። ሳንባዋ የሰሜን ነው፤ ሌሎቹ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያለከልኩ እሷ ገና አልጀመረችም። ግን ሌላም ነገር አየሁ። እዚያ ቡድን ውስጥ ኳሱንና ሜዳ ላይ የሚደረደረውን ምልክት ተሸክመው የሚገቡት ትንንሾቹ ናቸው፤ ሲሸከሙ ይሳሳቃሉ፣ ይላፋሉ፣ ይወዳደራሉ። ፈንታነሽ እጇን ስትዘረጋ ይከለክሏታል። «አይ ዳዳ፣ አንቺ ተዪ» ይሏታል። ዳዳ ታላቅ እህት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው ብለው ስለሚያምኑ ያከብሯታል። እውነተኛ እኩዮቿ የነበሩት እነሱ ናቸው። ማደሪያ ክፍላቸው ስትገባ ሙዚቃውን እንደሚቀንሱላት፣ ስለ ወንድ የያዙትን ወሬ እንደሚያቆሙላት አንድ ቀን ነገረችኝ። አላማረረችም፤ እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ። ልጄ በሃያ ዓመቷ አክብሮት ገደላት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዕድሉ መጣ። ከስዊድን አገር አንዲት አሰልጣኝ፣ ተጫዋች ልትመለከት መጥታ፣ ሁለት ጨዋታ አየች። ከጨዋታው በኋላ ሚስተር ጁማ እኔን ከበሩ አስጠራኝ። ሴትዮዋ የምትፈልገው ከሃያ ሦስት ዓመት ያልበለጠች አማካይ ነው፤ ፈንታነሽን ወድዳታለች፣ ስለ ዘመን አቆጣጠሩም ከእኔ በፊት ሰምታ ኖሮ አልሳቀችም። የዝውውር መስኮቱ በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል፤ እስከዚያ ድረስ ፓስፖርቱ ከተስተካከለ ውሉ ዝግጁ ነው አለች። ስድስት ሳምንት ነበረን። ልጄ ስታለቅስ አየኋት፤ በደስታ ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ የተሻለውን ማመልከቻ ጽፌ ፓስፖርት ወደሚያስተካክለው ወደ አገራችን መንግሥት ቢሮ ሄድሁ። የተቀበለኝ ወጣት ጨዋ ነው፤ ቆሞ ወንበር ሰጠኝ። እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አባቴ፣ ጽሑፉ ግሩም ነው» አለኝ። «ግን እዚህ የሚመጣ ስፖርተኛ ሁሉ ዕድሜዬን ቀንሱልኝ ነው የሚለው። እርስዎም ያው ቀንሱልኝ ነው የሚሉኝ።»

«እኔ የምለው አስተካክሉልኝ ነው» አልሁት።

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት» አለ፤ አልተሳለቀብኝም፣ አዝኖ ነው። የክርስትናው መዝገብ ቃልና በአዲስ ማኅተም የወጣ የልደት ምስክር፣ ዋናው፣ ፎቶው ሳይሆን ዋናው ይምጣ፤ በደረሰ በማግሥቱ እጽፍልዎታለሁ አለኝ።

ለጥሩወርቅ ደወልሁ። መምሬ አድማሱ ዘንድ ሂጂ አልኋት። በዚያው ሳምንት ከጎንደር ወዲያ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። በየቀኑ እደውላለሁ፤ ማግኘት አይቻልም የምትለዋን ሴት ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ያቺን ድምፅ እስክለምዳት ድረስ ሰማኋት፤ ቢያንስ አማርኛ ትናገራለች።

አሥር ቀን ሲቀረን አንድ የአገራችን ሰው፣ እዚህ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ጉዳዬን ሰምቶ በሩ ድረስ መጣ። በአራት ቀን ወረቀቱን ላስወጣልዎ እችላለሁ፣ ማኅተሙ ከእውነተኛው አይለይም አለኝ። «ጋሼ፣ የምንጽፈው እኮ እውነቱን ነው» አለ። አባረርሁት። እሱ ግን ከእኔ ወጥቶ ለፈንታነሽ ነግሯት ኖሮ፣ በበነጋው ከልምምድ በኋላ ታኬታዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ወደ በሩ መጣች።

«አባባ፣ እኔ የተወለድሁት በዘጠና አራት ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ።

«ነው።»

«ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እሱ አይደል?»

«ማኅተሙ የሐሰት ነው።»

«ፓስፖርቴ ላይ ያለው ማኅተም የእውነት ነው። የተጻፈው ነው የሐሰት። የቱ ይሻላል?»

መልስ ሲያጣ የሚቆጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ጥላዬ ሥር ስንቱን እንዲህ ያለ ሰው መክሬ መልሻለሁ። እኔም ተቆጣሁ። «አባትሽ በሕይወት እያለሁ በሐሰት ማኅተም አትሄጂም» አልኋት።

«እሺ» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሺ ብላ ታኬታዋን ይዛ ሄደች።

ነሐሴ አለቀ። መስኮቱ ተዘጋ። ስዊድኖቹ ሌላ ልጅ ወሰዱ። በአራተኛው ቀን ፖስታው ደረሰ።

የሆነውን ጥሩወርቅ ኋላ ኔትወርክ ሲመለስ ነገረችኝ። መኪና ስለሌለ ከደባርቅ ዳባት በእግሯ ነው የሄደችው፤ መንገድ ላይ ሰው ቤት አድራለች። መምሬ አድማሱን አገኘቻቸው። ነገር ግን እኛ ከሄድን ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል፤ መዝገቡን ከተደበቀበት አውጥተው ፊታቸው ዘረጉት፣ ማንበብ ግን አልቻሉም። ዲያቆናቱ በዚያ ሳምንት በአካባቢው አልነበሩም። ጥሩወርቅ ደግሞ ፊደል አታውቅም።

እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማውን ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ሚስቴን ሀ ሁ አላስቆጠርኋትም። አንድ ጊዜ አስተምረኝ ብላኝ ነበር፤ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ እያለሁልሽ አልኋት። እዚያ መዝገቡ ላይ እኔ አልነበርሁላትም። እሷ የፊደሉን መልክ በቃሏ ትናገራለች፣ እንዲህ ወገቡ የተሰበረ፣ እንዲህ እግሩ የተቆረጠ፣ እንዲህ ራሱ ላይ ቀለበት ያለው ትላለች፤ እሳቸው ገጹን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያፈጣሉ፣ ከዚያ ጨፍነው ፊደሉን ያወጣሉ። በየገጹ፣ በየስሙ እንዲህ አደረጉ። የልጃችንን ስም እስኪያገኙ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ፖስታው የዘገየው አራት ቀን ነው።

ወረቀቱን ደባርቅ መልሳ ማኅተም ካስመታች በኋላ ይዞ ጎንደር የወረደው በላይነህ ነው፤ እኔ ዕድሜ ቀናሽ ያልሁት በላይነህ። ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በገበሬ በቅሎ ሄዶ አደረሰው። መመለሻው ስለተዘጋበት ጎንደር ቀረ፤ የዚያን ዓመት ትምህርት ቤቱም ቡድኑም ያለ እሱ አለፈ። በስልክ ይቅር በለኝ ስለው፣ «ጋሼ፣ ያኔ ሲሰርዙብኝ ልክ ነበሩ፤ ያሁኑ ነው እንጂ» ብሎ ቀሪውን አልጨረሰውም።

ፖስታውን ይዤ ወደ ፈንታነሽ ስሄድ፣ ዘግይቶም ቢሆን አሳርመነው ለሚመጣው ዓመት ይሆናል ብዬ ነበር። ማኅተሙን አየች፣ የእናቷን ጣት አሻራ አየች፣ አጥፋ መለሰችልኝ።

«ተዉት አባባ» አለች። «አሁን ቢስተካከል ሁለት ዕድሜ ያላት ተጫዋች ነው የምባለው። ክለብ አሮጊት ያስፈርማል፤ ሁለት ዕድሜ ያላትን ግን አይነካም። በአንዱ ውሸት ልኑር።»

ሚስተር ጁማን ጠየቅሁት፤ ልክ ናት አለኝ። ከዚያም ፖሌ አለኝ።

እንግዲህ ልጄ በየዓመቱ የአንድ ዓመት ውል ትፈርማለች፤ በየዓመቱም ያንን እኔ የጻፍሁትን ዓመት በራሷ እጅ ትጽፋለች። በሐሰት ማኅተም አትሄጂም ያልኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በእውነተኛ ማኅተም በሐሰት እንድትኖር ያደረግኋትም እኔው ነኝ። ዘንድሮ ሃያ አራት ሞላት፤ በወረቀት ሠላሳ ሁለት። ክለቡ አርጅታለች ብሎ ለቀቃትና ወደ ሙዋንዛ ሄደች፤ በሐይቁ ዳር ያለች ከተማ ናት፣ በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እዚያ ያለው ቡድን ትንሽ ነው። ሁለት ዓመት ብጫወት ነው ትላለች፤ ከዚያ በወረቀቷ የጡረታ ጊዜዋ ይደርሳል። ሳንባዋ ግን ገና ነው። እኔ ሄጄ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ኳሷን አሁንም ከመሬት አታነሣትም። ከጨዋታው በኋላ ያንን የትምህርት ቤቱን ቀን፣ ቀበቶዬን ፈትቼ መጥቼ የተመለስሁበትን ነገርኋት። የታኬታዋን ማሰሪያ ፈታችና፣ «ያኔ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለች። ከዚያ አውቶቡሴ ደረሰ።

እኔ አሁንም ማማ ሳልማ ግቢ ነኝ፣ አሁንም በሩን እጠብቃለሁ፤ ልጄ የሌለችበትን በር። ለምን አትመለስም የሚሉኝ አሉ። ብቻዬን ደባርቅ መናኸሪያ መውረድ አልችልም፤ እሷ ደግሞ ኳሱ እስኪያልቅ አትመለስም። ስደት የምታስቡ ወገኖቼ፣ እዚህ ሥራ አለ፣ ሰዉም ደግ ነው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ግን ወረቀታችሁን ለሌላ ሰው አስነብቡ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ለሁለት ሰው።

ትናንት ጥሩወርቅ ደወለች። ገብሱ ደህና እንደሆነ፣ ብርዱ ዘንድሮ እንደበረታ፣ መምሬ አድማሱ በደህና እንዳሉ ነገረችኝ፤ የዓይናቸው ብርሃን ግን ከዚያ መዝገብ ወዲህ ጨርሶ ሄዷል። ከዚያ ልጄ አሁን ስንት ዓመቷ ነው አለችኝ። የቱን ልንገርሽ አልኋት። የወለድኋትን አለች። ሃያ አራት አልኋት። «ታዲያ ገና ልጅ አይደለች?» አለችና መስመሩ ተቋረጠ፤ መልሼ ብደውል አላገኘኋትም።

ማመልከቻ ሲያልቅ የደረሰው ጉዳት ተደምሮ ይጻፋል። ሚስተር ጁማና ማማ ሳልማ የጎደለባቸው የለም፤ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ፈንታነሽ፣ ስምንት ዓመት። ጥሩወርቅ፣ ባልም ልጅም በሌለበት ቤት፣ ሦስት ዓመት። እኔ፣ ሦስት ዓመት። በላይነህ፣ አንድ ዓመት። መምሬ አድማሱ፣ የመጨረሻው ብርሃናቸው ያለቀበት፣ ሦስት ቀን። ድምሩ አሥራ አምስት ዓመት ከሦስት ቀን ነው።